የሁለት ሰዓት የመቃብር ጉብኝት በአስተርጓሚ ጆሮ

ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በዋሽንግተን ዲሲ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በኮንግረሽናል መካነ መቃብር በተካሄደ አንድ የእግር ጉብኝት ላይ ተገኝቼ ነበር፤ ጉብኝቱ ከመቃብር ወደ መቃብር እየተዘዋወረ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ታሪክ የሚተርክ ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ዋጋው በሰው 25 ዶላር ነው። ያዘጋጀው በጥቂት ሰዎች የሚንቀሳቀስ አነስተኛ የአስጎብኚ ቡድን ሲሆን፣ ወደ ኋላ ላይ የማያስደስተውን ነገር ስለምጽፍ ስሙን ከመጥራት እቆጠባለሁ። መካነ መቃብሩ ራሱ ለማንም ክፍት ነው፤ መግቢያም አያስከፍልም፤ ስለዚህ ቅሬታዬ ሁሉ ከአስጎብኚው ጋር እንጂ ከቦታው ጋር አይደለም። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙያዬ ማስተርጎም ነው። ላለፉት 16 ዓመታት በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታልና በኢሚግሬሽን ቢሮ የሰውን ቃል ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሳመላልስ ኖሬአለሁ። ከሚመጡልኝ ጉዳዮች መካከል፣ ወንድ ሆነው ወንድን፣ ሴት ሆነው ሴትን በመውደዳቸው ወደ አገራቸው መመለስ የሚያስፈራቸው ሰዎች የሚያቀርቡት የጥገኝነት ጥያቄ ይገኝበታል። ስለ ማንም ሰው ጉዳይ እዚህ አንድ ቃል አይወጣኝም፤ የገባሁት መሐላ አለብኝ። መናገር የምችለው ስለ ራሴ አፍ ብቻ ነው። ጠበቃው «ጌይ» ባለ ቁጥር እኔ «ግብረ ሰዶማዊ» እያልኩ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ መዝገበ ቃላቱም፣ ጋዜጣውም፣ ሰባኪውም የሚያውቁት ቃል እሱ ስለሆነ ትክክል የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ርእስ ላይ የተቀመጠው ቃል ነው። አንድን ሰው ማንን እንደሚወድ እየጠየቅኩት ሳለ፣ በዚያው አፍታ የክሱን ርእስ እያነበብኩለት ነበር ማለት ነው።

በገና ማግሥት የእህቴ ልጅ ቡና እየጠጣን ሳለ ስለ ራሱ ነገረኝ። 23 ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ አማርኛው ግን ከብዙ እኩዮቹ ይሻላል። ደንግጬ ዝም አልኩ፤ ከዚያም የተረጋጋሁ ለመምሰል ያንኑ የችሎት ቃል ተናገርኩ። «አክስቴ፣ እሱን ቃል ስትይ እኮ የተከሰስኩ ነው የሚመስለኝ» አለኝ። በግንቦት መጨረሻ የጉብኝቱን ቲኬት ገዝቶ የላከልኝ እሱ ነው፤ ከቲኬቱ ጋር የጻፈው «ለሥራሽ ይጠቅምሻል» የሚል ብቻ ነበር።

ወደ ቦታው ለመድረስ በሜትሮ ባቡር ፖቶማክ አቬኑ ጣቢያ ወርዶ አሥር ደቂቃ ያህል መራመድ ይበቃል። መካነ መቃብሩ በ1807 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 35 ኤከር፣ ማለትም 14 ሄክታር ገደማ ነው፤ ጎረቤቱ የከተማው እስር ቤት ነው፤ በምሥራቅ በኩል መሬቱ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ ያዘቀዝቃል። እንደ ገባን በመጀመሪያ ያየነው መቃብር ሳይሆን ውሻ ነበር፤ አንድ ሳይሆን ስድስት ሰባት፣ ያለ ማሰሪያ፣ በሐውልቶቹ መካከል ኳስ እያባረሩ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ውሻ ሲታይ ድንጋይ በሚነሣበት ሰፈር ላደገ ሰው ነገሩ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም፤ እኔም አማተብኩ፤ ልጁ ሳቀብኝ። ምክንያቱን ስሰማ ግን ውሾቹን በሌላ ዓይን አየኋቸው። ቦታው ተረስቶ፣ ሣሩ አድጎ፣ ሐውልቶቹ ሲጋደሙ፣ ገንዘብ አዋጥተው ሣሩን ያሳጨዱት ውሾቻቸውን እዚያ ያናፍሱ የነበሩ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬም ውሻውን እዚያ ማናፈስ የሚፈልግ ሰው በየዓመቱ የአባልነት ክፍያ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ለቦታው እንክብካቤ ይውላል።

የጉብኝቱ እምብርት የሊዮናርድ ማትሎቪች መቃብር ነው፤ ለዚህ ድንጋይ ብቻ 25 ዶላር የከፈለ ሰው ተታለልኩ አይልም። ማትሎቪች የአየር ኃይል ሳጅን ነበር፤ ቬትናም ሦስት ጊዜ ዘምቶ ፈንጂ አቁስሎታል፤ የነሐስ ኮከብ ሜዳልያም ተሸልሟል። በመጋቢት 1975 ወንድ አፍቃሪ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ ለአለቃው በእጁ ሰጠ፤ ይህን ያደረገው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በሠራዊቱ እንዳያገለግሉ የሚከለክለውን ደንብ በሕግ ለመፈተን አስቦ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም የወታደር ልብሱን እንደ ለበሰ በታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፤ በጥቅምት ከሠራዊቱ ተሰናበተ። በ1980 ዳኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ ቢያዝም፣ አየር ኃይሉ ሌላ ሰበብ ፈልጎ እንደሚያሰናብተው ስለጠረጠረ 160,000 ዶላር ተቀብሎ ጉዳዩን ዘጋ። በሰኔ 1988 በ44 ዓመቱ በኤድስ ሞተ፤ በሙሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓትም እዚህ ተቀበረ።

ሐውልቱ ከጥቁር ግራኒት የተሠራ ነው፤ እዚያው ከተማ ውስጥ እንዳለው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ግድግዳ የተወለወለ በመሆኑ፣ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው የገዛ ፊቱን ከፊደሎቹ ኋላ ያያል። ድንጋዩ ላይ የሰውዬው ስም የለም፤ ስሙ ያለው በግርጌ በተጋደመው ትንሽ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው፤ ማትሎቪች ሐውልቱ የእሱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ዘማቾች እንዲሆን ፈልጎ ራሱ ነው ያሠራው። ናዚዎች በማጎሪያ ካምፕ ውስጥ እንዲህ ያሉትን ወንዶች ለመለየት ልብሳቸው ላይ የሰፉባቸው ሮዝ ሦስት ማዕዘን ከላይ ሁለት ጊዜ ተቀርጿል። ከዚያ ሥር ያለውን ጽሑፍ ልጁ በእንግሊዝኛ አነበበና ዞር ብሎ «በአማርኛ በይልኝ» አለኝ።

ይህን ጊዜ ሙያዬ ተፈተነ። የጽሑፉ ሐሳብ፣ በውትድርና ሳለሁ ሁለት ወንዶችን በመግደሌ ሜዳልያ ሰጡኝ፤ አንድ ወንድ በማፍቀሬ ግን አሰናበቱኝ የሚል ነው። በእንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ «ወንድ» የሚለው ቃል አይደገምም፤ «አንድ» ብሎ ያቆማል፤ ጉልበቱም እዚያ ላይ ነው። እኔም በመጀመሪያ አጥሮ እንዲቀር «አንዱን በመውደዴ» አልኩ። ልጁ ፊቱን ኮሶ አስመሰለ፤ እውነቱን ነው፤ በአማርኛ «አንዱን» ካልን ከገደላቸው ከሁለቱ አንዱን የወደደ ይመስላል። «አንድ ወንድ በመውደዴ» ስል ደግሞ ቃሉ ላላብኝ፤ እኛ ወንድምንም፣ ሽሮንም፣ አገርንም «እንወዳለን»። «በማፍቀሬ» የሚለው ሐሳቡን ይይዛል፤ ነገር ግን ከዘፈን ውጭ ሰው አፉን ሞልቶ የማይናገረው ቃል ነው። በመጨረሻ «በማፍቀሬ» ላይ ረጋን። ልጁ ስልኩ ላይ ጻፈውና በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ከሚታየው የሁለታችን ፊት ጋር ፎቶ አነሣው። አስጎብኚው ይህን ጊዜ ሁለት መቃብር ቀድሞን ሄዷል።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ከማትሎቪች ጋር በአንድ ረድፍ፣ ጥቂት እርምጃ ብቻ አለፍ ብሎ፣ በብረት አጥር የተከበበው የጄ ኤድጋር ሁቨር መቃብር አለ፤ ከ1924 ጀምሮ በ1972 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ኤፍ ቢ አይን የመራው ሰው ነው። ምክትሉ ክላይድ ቶልሰን ከእሱ ብዙ ሳይርቅ ተቀብሯል። አስጎብኚያችን ስለ ሁለቱ ሰዎች የቀረበ ወዳጅነት፣ አብረው ስለ መመገባቸውና አብረው ስለ መዝናናታቸው እየቀለደ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አጠፋ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አልዋሽም፣ አንዴ ሳቅኩ። ይሁን እንጂ ስለ ሁለቱ ሰዎች የግል ሕይወት የሚወራው ሁሉ ግምት ነው፤ በሰነድ የተረጋገጠው ግን ሌላ ነው፤ እሱን ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልሰጠውም። የሁቨር መሥሪያ ቤት ከ1951 ጀምሮ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነት የተጠረጠሩ የመንግሥት ሠራተኞችን የሚከታተል ልዩ ፕሮግራም ነበረው፤ ከ300,000 ገጽ በላይ ፋይል ሰብስቦ፣ ፋይሉ የተቃጠለው ሁቨር ከሞተ በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ትእዛዝ ቁጥር 10450 ደግሞ «የወሲብ ጠማማነት» ያለውን ከፌዴራል ሥራ ለማገድ በቂ ምክንያት አደረገው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራቸውን አጡ። እዚያ ቆሞ «አንሶላ ተጋፈዋል ወይስ አልተጋፈፉም» እያሉ ከማሾፍ ይልቅ፣ ሰው ፋይል የተከፈተበት ቀን ምን ይደርስበት እንደነበር ቢነገር ይበጅ ነበር፤ በደርግ ዘመን ቀበሌ ፋይል የተከፈተበት ቤተሰብ ውስጥ ያደግን ሰዎች ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ማትሎቪች እዚያ የተቀበረው በአጋጣሚ አይደለም፤ ቦታውን የመረጠው ሁቨር እዚያ መኖሩን ዐውቆ ነው። ከእሱ በኋላም ብዙ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በአቅራቢያው የመቃብር ቦታ ገዝተዋል፤ ገና በሕይወት ያሉ፣ ስማቸው የተቀረጸና የሞቱበት ዓመት ባዶ የተተወላቸው ጥንዶች ድንጋይ አለ። ለተዝካርና ለሐውልት ምርቃት ያለንን ስሜት ለሚያውቅ ሰው፣ ጎን ለጎን ለመቀበር ቀድሞ የሚከፈለው ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከማትሎቪች ኋላ የፍራንክ ካሜኒ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። አስጎብኚው እዚህ ላይ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰ፤ ይህን ክፍል በጥሩ ሁኔታ እንደ ተረከው መመስከር አለብኝ። ካሜኒ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ፣ በሃርቫርድ በ1956 በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘ ሰው ነው። በ1957 በጦር ሠራዊቱ የካርታ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ወራት ሳይቆይ፣ ወንድ አፍቃሪ መሆኑ ስለ ተጠረጠረ ተባረረ፤ ከዚያ ወዲያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳይቀጠርም ታገደ። ሌላው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ እሱ ከሰሰ። በ1961 ጠበቃው ሲተወው አቤቱታውን ራሱ ጽፎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው፤ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። በዚያው ዓመት ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት የሚታገለውን የማታሺን ማኅበርን የዋሽንግተን ቅርንጫፍ ከባልደረባው ጋር መሠረተ፤ በሚያዝያ 17 ቀን 1965 ደግሞ አሥር ሰዎች ሆነው በኋይት ሐውስ ፊት ለፊት ሰልፍ ወጡ። ይህ ብዙ ሰው የትግሉ መጀመሪያ አድርጎ ከሚቆጥረው ከ1969ኙ የኒውዮርክ የስቶንዎል ዐመፅ (የመጠጥ ቤት ደንበኞች የፖሊስን ፍተሻ ከተቃወሙበት) አራት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ካሜኒ ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ከነከረቫት፣ ሴቶቹ ቀሚስ እንዲለብሱ አዘዘ፤ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ለሥራ የሚበቃ ሆኖ መታየት አለበት ይል ነበር። የዚያ ሰልፍ ፎቶግራፍ ላይ ያሉትን ሰዎች ያየ፣ ለሰልፍ ሳይሆን ሽምግልና ለመሄድ የተሰናዱ ይመስለዋል።

ድንጋዩ ላይ ካሜኒ በ1968 ያወጣው መፈክር ተቀርጿል፦ «ጌይ ኢዝ ጉድ»። ጥቁር አሜሪካውያን ጥቁርነት ውበት ነው ሲሉ ሰምቶ ያወጣው ነው። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ እኔና ልጁ እኩል ሳቅን። ምክንያቱን ለአስጎብኚው ማስረዳት አልቻልኩም፤ «ጉድ» በእኛ አገር ሌላ ነገር ነው። ማታ ለጓደኛዬ በስልክ ስነግራት «ጉድ ነው እንጂ ታዲያ!» ብላ ደመደመችው። ወደ አማርኛ ለመመለስ ስሞክር «ጥሩ ነው» ቀለለብኝ፤ «መልካም ነው» የሚለው ግን ልኩ ሆነ፤ በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር የፈጠረውን አይቶ ያለው ቃል ስለሆነ፣ ካሜኒ አይሁዳዊ መሆኑን ሳስታውስ ይበልጥ ወደድኩት። የቸገረኝ ከ«መልካም» በፊት የሚመጣው ነው። «ግብረ ሰዶም» ሰውን በአንድ ድርጊትና በተቃጠለች ከተማ ስም የሚጠራ ቃል ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ «መልካም» ቢባል አፍም አይቀበለው። «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» ንጹሕ ነው፤ ግን ሰው ሻይ እየጠጣ የሚናገረው ሳይሆን የመግለጫ ቋንቋ ነው። ለሥራዬ እሱን እጠቀማለሁ፤ አንዳንዴም ሰውየው ራሱ «ጌይ ነኝ» ካለ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

ልጁ ግን ከእኔ የተሻለ ቃል ነበረው። በሰልፉ ከተያዙት ሰሌዳዎች አንዱ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የአንደኛ ደረጃ ዜግነት ይሰጥ የሚል ነበር፤ ካሜኒ ሰገነቱ ላይ ያቆያቸው ሰሌዳዎች ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ። አስጎብኚው የሰሌዳውን ፎቶግራፍ ሲያሳየን ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አዲስ አበባ ያሉ እንደ እሱ ያሉ ወጣቶች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» እንደሚባባሉ ነገረኝ። ሌላ ሰው ሳይነቃ የሚግባቡበት ቃል ነው፤ «እሱ ዜጋ ነው» ቢባል ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ዞር ብሎ አያይም። 16 ዓመት አስተርጉሜ ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም፤ ወይም ሰምቼው «የአገሩ ተወላጅ» ብዬ ተርጉሜው ሊሆን ይችላል፤ እሱን ሳስብ አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል። ካሜኒን በተመለከተ፣ የመንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት በ2009 በይፋ ይቅርታ ጠይቆታል፤ ካሜኒም በ84 ዓመቱ እዚያው ቆሞ ይቅርታውን ተቀበለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ።

የመብት ታጋዮቹ የባርባራ ጊቲንግስና የኬይ ላሁሰን መቀመጫ ድንጋይ አጠገብ ማረፍ ተፈቀደልን፤ እውነትም መቀመጫ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች 46 ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ድንጋዩም በልባቸው የተጋቡ የሕይወት አጋሮች መሆናቸውን ይናገራል። በፎቶግራፍ የምናውቃቸውን የነዚያን ሰልፎች ብዙ ምስል ያነሣችው ላሁሰን ናት። ጊቲንግስ ደግሞ ከካሜኒ ጋር ሆና፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን እንደ ሕመም ይቆጥር የነበረውን የአሜሪካን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ተሟግታለች። በ1972 ዳላስ በተደረገው የማኅበሩ ጉባኤ ላይ አንድ ሐኪም ጭንብልና ሰው ሠራሽ ጸጉር አጥልቆ፣ ድምፁን በሚለውጥ ማይክሮፎን፣ «እኔ ወንድ አፍቃሪ ነኝ፤ የሥነ አእምሮ ሐኪምም ነኝ» ብሎ ለባልደረቦቹ ተናገረ። ሰውየው ጆን ፍራየር ይባል ነበር፤ ስሙ ቢታወቅ ሥራውን ያጣ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ማኅበሩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን ከሕመም ዝርዝሩ ሰረዘው። በእኛ ዘንድ ዛሬም ልጁን ጠበል ለመውሰድ የሚያስብ ወላጅ ስላለ፣ አስጎብኚው ይህን ታሪክ በሦስት ደቂቃ ማለፉ ቆጨኝ።

ይበልጥ የቆጨኝ ግን አለን ሎክ ላይ የሆነው ነው። ሰዓቱ በሁቨር ቀልድ ስላለቀ፣ ሎክን «ታዋቂ ጥቁር ፈላስፋ» ብሎ በእጁ አመልክቶ አለፈው። ሎክ በ1907 በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን የሮድስ የትምህርት ዕድል ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ፣ በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ያበበው የሃርለም የጥበብ ህዳሴ አብሳሪ፣ ለአርባ ዓመት ያህል የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር ነበር። ወንድ አፍቃሪነቱን ወዳጆቹ ያውቁ ነበር፤ በአደባባይ ግን ሊናገረው የሚችልበት ዘመን አልነበረም። በ1954 ሲሞት አስከሬኑ ተቃጠለ፤ አመዱም ከወዳጅ ወደ ወዳጅ፣ ከዚያም ወደ ሃዋርድ ቤተ መዛግብት ሲንከራተት ኖሮ፣ እዚህ ያረፈው በ2014 ነው፤ ስድሳ ዓመት መሬት ሳያገኝ ማለት ነው። ድንጋዩ ላይ ከተቀረጹት ምልክቶች አንዱ የግሪኩ ላምዳ ፊደል፣ የትግሉ ዓርማ ነው። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ለልጁ አንድ ነገር ነገርኩት፦ ዶክተር መላኩ በያን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ ጥቁር አሜሪካውያንን ያስተባበረው ሰው፣ በ1935 የሕክምና ዲግሪውን ከሃዋርድ ሲወስድ ሎክ በዚያው ግቢ ያስተምር ነበር። ይተዋወቁ ይሆን እያልን እስከ በሩ ድረስ ተከራከርን።

የአሜሪካዊው ባለቅኔ የዋልት ዊትማን ወዳጅ የነበረው የትራም ሠራተኛ ፒተር ዶይልም እዚሁ ተቀብሯል፤ ግጥም የሚወድ ሰው ይደሰትበታል።

ስለ ኤድስ ዘመን አስጎብኚው የተናገረው ግን ከጉብኝቱ ሁሉ ምርጡ ነበር፤ ቀልዱንም እዚያ ላይ አቆመ። በጥቅምት 1987 በዋሽንግተን ናሽናል ሞል በሚባለው ሜዳ ሣር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘረጋው፣ በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ የተሰፋ ብርድ ልብስ 1,920 ቁራጮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ስድስት ጫማ በሦስት ጫማ፣ የአንድ መቃብር ልክ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቀብር አስፈጻሚ እምቢ ያላቸው፣ ቤተሰብም የካዳቸው ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ጨርቁ ለአንዳንዱ ብቸኛ ሐውልቱ ነበር። አስጎብኚው ለሞተ ጓደኛው አንዱን ቁራጭ ራሱ ሰፍቷል፤ መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ስለነበር ፊደሎቹ እንደተጣመሙ ሲነግረን ድምፁ ተቆረጠ። እኔም በዘጠናዎቹ አዲስ አበባ፣ የሞቱን ምክንያት ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንም የማይጠይቅበትን ዘመን አስታወስኩ፤ «ነቀርሳ ነው» ይባል ነበር፤ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ንፍሮውን ይቆረጥማል።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ 25 ሰው ያለ ድምፅ ማጉያ ማስተናገድ አይቻልም፤ ከኋላ የቀረ ሰው ግማሹን አይሰማም። የተሰጠን ካርታ ፊደሉ ከመድኃኒት ወረቀት ፊደል አይሻልም። የዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ቅጾቻቸውን በአማርኛ ያዘጋጃሉ፤ የግል አስጎብኚ በሕጉ አይገደድም፤ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ግን ብዙ አይከብድም ነበር፤ ይህን ነግሬው በነጻ እንደምተረጉምለት ቃል ገብቻለሁ፤ እስካሁን አልደወለም። የትራንስጀንደር ሰዎች፣ ማለትም ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ ማንነት ያላቸው ሰዎች ታሪክ በሁለቱ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም፤ የጉብኝቱ ርእስ እነሱንም ስለሚጠራ ይህ ጉድለት ነው። በመጨረሻም አንዲት እናት «እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?» ብላ ስትጠይቅ፣ መልሱ የጉርሻ መክፈያ ምልክት ያለበት ስልክ መዘርጋት ሆነ።

ለዚያች ሴት በመንገድ ላይ የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው። በ1972 ጂን ማንፎርድ የተባለች የኒውዮርክ አስተማሪ፣ ልጇ በሰልፍ ላይ ተደብድቦ ፖሊስ ቆሞ ማየቱን ስትሰማ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ በሰኔ ወር ደግሞ ወላጆች ለልጆቻቸው እንዲቆሙ የሚጠራ ሰሌዳ ይዛ ከልጇ ጎን ተሰለፈች። መንገድ ላይ ወጣቶች እየሮጡ መጥተው፣ ወላጆቻችንን አናግሪልን ብለው ስለለመኗት፣ በመጋቢት 1973 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሃያ የሚያህሉ ሰዎች ሰበሰበች። ዛሬ ፒፍላግ የሚባለው የወላጆች ማኅበር ከዚያ የተነሣ ነው፤ በዚህ አካባቢም ስብሰባ አለው፤ ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብዬ ተመልሻለሁ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። አንድ ተኩሉን የቀነስኩት ለሁቨርና ለሎክ ነው። ገንዘቡን ማውጣት የማይፈልግ ሰው፣ መካነ መቃብሩ ራሱ ያዘጋጀውን መመሪያ ይዞ በራሱ ጊዜ ቢዞር አይጎዳም፤ ማትሎቪች ድንጋይ ጋ የፈለገውን ያህል መቆምም ይችላል። ዛፍ ጥቂት ስለሆነ በበጋ ጠዋት መሄድ፣ ውሃና ጠፍጣፋ ጫማ መያዝ ያስፈልጋል። ውሻ የሚፈራ ሰው አስቀድሞ ልቡን ያዘጋጅ።

በጥቅምት በሌላ አስጎብኚ የሚመራ ተመሳሳይ ጉብኝት ስላለ ሦስት ቲኬት ገዝቻለሁ። ሦስተኛው ለእህቴ ነው፤ ልጁ ራሱ ነው ግዢላት ያለኝ። የትኛውን ቃል ተጠቅሜ ወዴት እንደምንሄድ እንደምነግራት ገና አልወሰንኩም፤ ለጊዜው ውሾች የሚሮጡበት ትልቅ መናፈሻ አለ ብያታለሁ።